ለምኑ ነው የምትከፍሉት? ለሰርግ፣ ለዜናና ለቀጥታ ስርጭት የቪዲዮ ካሜራ መምረጫ

ካነን ኤክስኤ70 እና ኤክስኤ75 በአንድ ሴንሰር (ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) እና በአንድ ሌንስ የተሠሩ መንታ ካሜራዎች ናቸው። የቀረጹት ጎን ለጎን ቢቀመጥ የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚለይ ባለሙያ አይገኝም። 75ቱን ያስወደደው ኤስዲአይ የሚባል አንድ የገመድ መሰኪያ ነው። ሶኒ ኤንኤክስ800ን ከዜድ200፣ ፓናሶኒክም ኤችሲ-ኤክስ1500ን ከኤክስ2000 የሚለዩበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ካሜራ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ «4ኬ ነው ወይ?» የሚል ነው። አሁን ለገበያ የሚቀርቡት አዳዲስ ሞዴሎች ሁሉም ለማለት ይቻላል 4ኬ ስለሆኑ ጥያቄው አንዱን ከሌላው አይለይም። ካሜራን ከካሜራ የሚለየው ደብዛዛ አዳራሽ፣ ሩቅ መድረክ፣ የማያልቅ ቅዳሴ፣ ከሚክሰር የሚመጣ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከካሜራዎቹ በፊት መስፈርቶቹን ላስቀምጥ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር፦ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ የብር ዋጋ ብጽፍ ሳምንት ሳይቆይ ያረጃል። የጠቀስኳቸው የዶላር ዋጋዎች ካሜራዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርቡ የነበራቸውን የሚጠጉ ናቸው። አዲስ አበባ እስኪደርሱ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይጨመርበታል። በሞዴሎች መካከል ያለው ርቀት ግን ብዙም አይቀየርም፤ እዚህ የሚያስፈልገን ደግሞ እሱ ነው።

ብርሃን፦ ሴንሰሩን ብቻ አትዩ

ባለ 1 ኢንች የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ባለ 1/2.3 ኢንቹ ደግሞ 6.2 በ4.6 ገደማ። በስፋት 4 እጥፍ ይበላለጣሉ። ሻጩ እዚህ ላይ ያቆምና ትልቁን ያቀርብላችኋል። ስለ ሌንሱ ቀዳዳ አያነሳም፤ ኤፍ የሚባለው ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሚገባው ብርሃንም ይበዛል።

ካነን ኤክስኤ60ን እንውሰድ። ሴንሰሩ ትንሹ፣ ባለ 1/2.3 ኢንቹ ነው። ሌንሱ ግን ከኤፍ1.8 ይነሳና ዙሙ እስከ ጫፍ ሲሳብ እንኳ ኤፍ2.8 ላይ ይቆማል። ባለ 1 ኢንቹ ኤክስኤ70 ከኤፍ2.8 ተነስቶ ኤፍ4.5 ይደርሳል። ሒሳቡ ሲሠራ የትንሹ ሌንስ በሁለቱም ጫፍ ወደ 2 ተኩል እጥፍ የሚጠጋ ብልጫ አለው። ያ «4 እጥፍ» የተባለው የሴንሰር ብልጫ ወደ 1 ተኩል እጥፍ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ልዩነቱ አልጠፋም። ግን የዋጋውን ያህል አይደለም።

የፓናሶኒኩ ኤችሲ-ኤክስ1500 ሒሳብ ሌላ ነው። ሴንሰሩ ባለ 1/2.5 ኢንች፣ ሌንሱ ከኤፍ1.8 እስከ ኤፍ4 ነው። ሰፊ ሆኖ ሲቀርጽ ከትላልቆቹ እምብዛም አይርቅም። ዙሙን ጨርሳችሁ ስትስቡ ግን ከሰፊው ጫፍ ጋር ሲነጻጸር የብርሃኑ 5 እጅ 4ቱ ይጠፋል፤ በረጅም ዙሙ የሚሸጠው ካሜራ የሚደክመው ዙሙ ላይ ነው። ቀን ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ማታ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ ፊት ለመቅረጽ ግን ምስሉ አሸዋ ይለብሳል።

የብርሃን መብዛትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ነጭ ነጠላ ላይ ሲያርፍ ጥለቱ ሳይቀር ይነጣል። ነጠላውን ለማዳን ብርሃኑን ብትቀንሱ ደግሞ ፊት ይጠቁራል። በውስጡ ኤንዲ ፊልተር ያለው ካሜራ እዚህ ይረዳል፦ ሹተሩን ሳትነኩ ብርሃኑን በአንድ ማብሪያ ትቀንሳላችሁ። ፎቶ ማንሻ መሰል ካሜራዎች ይህ ስለሌላቸው ፊልተር ከሌንሱ ፊት እየጠመዘዛችሁ ስታስገቡ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል። የትኛውንም ብትገዙ ዜብራውን አብሩት፤ ነጩ ልብስ የት ላይ እንደተቃጠለ በመስመር ያሳያችኋል።

ርቀት፦ ከ50 ሜትር ምን ይታያል?

«12 ኤክስ»፣ «20 ኤክስ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከየት እንደሚነሳም መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላስቀምጣቸው። ከ50 ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ ዙሙን ብትጨርሱ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ስፋት ይህን ይመስላል፦

ሶኒ ኤንኤክስ100 እና ዜድ90 (የዙማቸው ጫፍ 348 ሚሊሜትር፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል) 5.2 ሜትር ያሳያሉ። ካነን ኤክስኤ70 እና 75 ወደ 4.7 ሜትር። ሶኒ ኤንኤክስ800 እና ዜድ200 (480 ሚሊሜትር) 3.75 ሜትር። ፓናሶኒክ ኤክስ1500 እና 2000 (600 ሚሊሜትር) 3 ሜትር፣ ይህም ማለት የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራስ ፍሬሙን ይሞላል። ሶኒ ኤፍኤክስ30 ከ18-105 ሌንሱ ጋር ግን 11 ሜትር ተኩል ነው፤ ሰውየው ከሕዝቡ መሐል አይለይም።

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ላይ ከገመድ ኋላ የቆመ ካሜራማን ይህን ሰንጠረዥ በቃሉ ያውቀዋል። ወደ ባሕረ ጥምቀቱ መጠጋት ለማይችል ሰው ከ11 ሜትርና ከ3 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ሥራ ማግኘትና ማጣት ነው። የሰርግ ካሜራማን በአንጻሩ ሙሽራዋ አጠገብ ስለሚቆም ለረጅም ዙም ገንዘብ ባያፈስ ይሻለዋል። ይልቅ ሰፊውን ጫፍ ያጥና፦ 24 ሚሊሜትርና 29 ሚሊሜትር በጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩበት ቤት፣ ሁለት ሰው ይጨምራሉ ወይም ይቆርጣሉ።

ርዝመት፦ ካርድና ባትሪ

በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይበላል። በ100 ሜጋቢት 45፣ በ150 ደግሞ 67.5 ጊጋባይት ነው። ከጠዋቱ ቅዳሴ እስከ ማታው ኬክ 8 ሰዓት ብትቀዱ በ100 ሜጋቢት 360 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ሁለት ካርድ ላይ በአንዴ ብትቀዱት (ሰርግ አይደገምምና እንድትቀዱት እመክራለሁ) የካርዱ ዋጋ እጥፍ ነው። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ አለ። 4ኬ ያላሰባችሁትን ወጪ የሚያመጣው እዚህ ጋ ነው።

ባትሪ ላይ የሶኒ ኤንፒ-ኤፍ አይነት ባትሪ የሚወስዱት ካሜራዎች ትልቅ ጥቅም አላቸው፦ ብዙ የኤልኢዲ መብራትና ሞኒተርም ያንኑ ባትሪ ስለሚወስድ አንድ ቻርጀር ለሁሉም ይበቃል፣ በመርካቶም አይጠፋም። ኤንኤክስ100 በዚህ ይሠራል። ዜድ90፣ የካነኑ ኤክስኤና የፓናሶኒኩ ኤችሲ-ኤክስ የየራሳቸው አይነት ባትሪ ይፈልጋሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የተጨማሪ ባትሪውን ዋጋ ጠይቁ፤ ከአንድ በላይ ያስፈልጋችኋል።

ድምፅ

ሁለት የኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ ገመድ) መግቢያ ለባለሙያ ሥራ ግዴታ ነው። የድምፅ ሚክሰር ካለበት አዳራሽ ድምፅ ስትወስዱ መግቢያውን «ማይክ» ላይ ከተዋችሁት ይፈነዳል፤ «ላይን» መምረጥ የሚያስችል ማብሪያ መኖሩን አረጋግጡ። 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክ ካላችሁም ካሜራው መስጠት አለበት። ኤክስ1500 ላይ ተጠንቀቁ፦ ኤክስኤልአሩ ያለው ለብቻው በሚሸጠው እጀታ ላይ ነው። እጀታውን ስትገዙ ከኤክስ2000 ጋር የነበረው የዋጋ ልዩነት ይቀልጣል።

መሰኪያ፦ ኤስዲአይ ወይስ ኤችዲኤምአይ?

ኤስዲአይ ጫፉ ተጠምዝዞ የሚቆልፍ ቀጭን ገመድ ነው። በጥሩ ገመድ የኤችዲ ምስል 100 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሰው ቢረግጠውም አይነቀልም። ኤችዲኤምአይ ተራው ገመድ ከ10 እና ከ15 ሜትር በኋላ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ልጅ ሲሮጥ ከነካው ደግሞ ስክሪኑ ይጠቁራል።

ታዲያ ኤስዲአይ ይሻላል? ከቪዲዮ ሚክሰሩ፣ የካሜራዎቹን ምስል ከሚያቀያይረው መሣሪያ፣ ጋር ካልተያያዘ አይሻልም። ብዙ ቤተ ክርስቲያንና ትንንሽ ስቱዲዮ የሚጠቀሙበት የብላክማጂክ ኤተም ሚኒ 4 መግቢያው ሁሉም ኤችዲኤምአይ ነው። ካሜራው ከሚክሰሩ 5 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ለኤስዲአይ የከፈላችሁት መቶዎች ዶላር ሥራ ፈት ይሆናል። ካሜራው ፎቅ ላይ፣ ሚክሰሩ ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ መለወጫ ጨምሮ እንኳ ኤስዲአይ ያዋጣል።

የቀለም ጥልቀት፣ እና ያ 4ኬ

8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፣ 10 ቢት 1,024። ቀለም የምታስተካክሉ ከሆነ ልዩነቱ ሰማይ ላይና የቆዳ ጥላ ላይ ይታያል። ሶኒ ዜድ90 በኤችዲ 10 ቢት ሲቀዳ በ4ኬ ወደ 8 ቢት ይወርዳል። ለቴሌቪዥን የሚሠራ ሰው በኤችዲ ቢቀዳ የተሻለ ቀለም ያገኛል ማለት ነው፤ «4ኬ» ተብሎ የተጻፈበት ካሜራ በኤችዲ የሚሻልበት ሁኔታ አለ። ደንበኛችሁ ቪዲዮውን በስልክ በቴሌግራም የሚያይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ትርፍ ነው። 4ኬ በትክክል የሚጠቅመው አንድ ካሜራ ብቻ ይዛችሁ በኤዲቲንግ ጊዜ ፍሬሙን እየቆረጣችሁ እንደ ሁለት ካሜራ ልታደርጉት ስታስቡ ነው።

50 ወይስ 60?

የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። ዘመድ ከቨርጂኒያ ይዞ የሚመጣው ካሜራ በሜኑው ወደ 50 መቀየሩን ሳታዩ አትቀበሉ፤ አንዳንድ ሞዴሎች በተሸጡበት አገር ላይ የተቆለፉ ናቸው። የማይቀየር ከሆነ ሹተሩን 1/100 አድርጎ ከመብራት መርገብገብ ማምለጥ ይቻላል፤ በ25 ፍሬም ከሚቀዳው ከጓደኛችሁ ካሜራ ጋር ስትቀላቅሉት ግን እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል።

ካሜራዎቹ በመስፈርቱ ሲታዩ

ሶኒ ኤንኤክስ100 የ2015 ካሜራ ነው፣ ኤችዲ ብቻ። አሁን ባብዛኛው ያገለገለ ነው የሚገኘው። 1 ኢንች ሴንሰር፣ ለዙም፣ ለፎከስና ለብርሃን ለየብቻ ሦስት ቀለበት፣ ሁለት ኤክስኤልአር፣ የኤንዲ ፊልተር አለው። ድክመቱ አውቶ ፎከሱ ነው፤ ሙሽሮች ወደ ካሜራው ሲራመዱ ይፈልጋል፣ ይመለሳል። በእጁ ፎከስ ማድረግ ለሚችል ሰው ግን ከዚህ በላይ ለገንዘብ የሚሆን ካሜራ አላውቅም።

ሶኒ ዜድ90 (2017) የዚያው ሴንሰር መጠንና የዙም ርዝመት አለው። የተጨመረው ፈጣን አውቶ ፎከስ፣ ኤስዲአይና 10 ቢት ኤችዲ ነው። ትንሽ ነው፣ በቦርሳ ይገባል፤ ቀለበቱ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ በኤንኤክስ100 የለመደ እጅ ይቸገራል። ለዜና ለብቻው ለሚሮጥ ሰው የተሠራ ነው።

ካነን ኤክስኤ60 እና 65 ከላይ ባየነው የሌንስ ሒሳብ ምክንያት ከስማቸው በላይ ናቸው፣ 20 እጥፍ ዙምም አላቸው። ኤክስኤ70 እና 75 በአንጻሩ የካነንን ዱዋል ፒክስል ፎከስ ይዘዋል፤ ፊት ይዞ አለመልቀቅ ላይ በዚህ ዋጋ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። አራቱም በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኙ እንደ ዌብካም ይታያሉ፤ ለዙም የኢንተርኔት ስብሰባና ለትንሽ ስርጭት የካፕቸር ካርድ (የካሜራን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ወጪ ያስቀራል።

ፓናሶኒክ ኤክስ1500 እና 2000 (2020) 4ኬ በ60 ፍሬም፣ 10 ቢትና ረጅሙ ዙም አላቸው። በዋይፋይ ያለ ኮምፒውተር ወደ ዩቲዩብ ያሰራጫሉ። ማስታወቂያው ላይ ከሁሉም የሚበልጡ ይመስላሉ፤ ጨለማ ውስጥ ግን ያን ሒሳብ አትርሱ።

ሶኒ ኤንኤክስ800 እና ዜድ200 (2024) 1 ኢንች ሴንሰርን ከ20 እጥፍ ዙም ጋር አጣምረዋል። የኤንዲ ፊልተራቸው በኤሌክትሮኒክስ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ከቤት ወደ ደጅ ስትወጡ ምስሉ አይዘልም። ገንዘቡ ካለ ከዝርዝሩ ሁሉ የምመርጠው ኤንኤክስ800ን ነው። ዜድ200ን የሚፈልገው ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሠራ፣ ኤስዲአይና ታይም ኮድ (የየፍሬሙ የሰዓት ምልክት) የሚጠየቅ ሰው ነው።

ሶኒ ኤፍኤክስ30 (2022) የሌላ ቤተሰብ ነው፦ ሌንሱ ይቀያየራል፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ሴንሰሩ ከ1 ኢንቹ 3 እጥፍ ይበልጣል፣ ጀርባን አደብዝዞ ያን ሁሉም የሚወደውን የፊልም መልክ ይሰጣል። አካሉ ወደ 1,800 ዶላር ነው፤ የኤክስኤልአር እጀታው ሲጨመር 2,200። ከዚያ ሌንስ፣ ኤንዲ ፊልተር፣ ባትሪ። በ1,800 የጀመረ ሰው 3,500 ላይ ራሱን ያገኘዋል። ማስታወቂያ፣ የሙዚቃ ክሊፕና ዘጋቢ ፊልም ለሚሠራ ይገባዋል፤ ለጉባኤ ግን አይሆንም።

| ካሜራ | ሴንሰር | ከ50 ሜትር የሚታየው ስፋት | ኤስዲአይ | 4ኬ | ዋጋ በዶላር (አካባቢ) | የሚበልጥበት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሶኒ ኤንኤክስ100 | 1 ኢንች | 5.2 ሜትር | የለም | የለም | ያገለገለ፣ በድርድር | በእጅ የሚሠራ የሰርግ ቀረጻ |
| ሶኒ ዜድ90 | 1 ኢንች | 5.2 ሜትር | አለ | እስከ 30 ፍሬም | 2,800 | ዜና |
| ካነን ኤክስኤ60 / 65 | 1/2.3 ኢንች | 3 ሜትር ገደማ | 65ቱ ላይ | እስከ 30 ፍሬም | 1,700 – 2,200 | ርካሽ ስርጭት፣ ጉባኤ |
| ካነን ኤክስኤ70 / 75 | 1 ኢንች | 4.7 ሜትር | 75ቱ ላይ | እስከ 30 ፍሬም | 2,400 – 2,800 | አውቶ ፎከስ |
| ፓናሶኒክ ኤክስ1500 / 2000 | 1/2.5 ኢንች | 3 ሜትር | 2000ው ላይ | እስከ 60 ፍሬም | 1,700 – 2,200 | የቀን በዓላት፣ ስፖርት |
| ሶኒ ኤንኤክስ800 / ዜድ200 | 1 ኢንች | 3.75 ሜትር | ዜድ200 ላይ | 60 እና ከዚያ በላይ | 3,100 – 4,000 | ሁለገብ |
| ሶኒ ኤፍኤክስ30 | ኤፒኤስ-ሲ | 11.5 ሜትር (በ18-105) | የለም | 60 እና ከዚያ በላይ | 2,200 + ሌንስ | ማስታወቂያ፣ ክሊፕ |

ለማን የትኛው?

የሰርግ ስቱዲዮ ለሚጀምርና ገንዘቡ ለጠበበ፦ ያገለገለ ኤንኤክስ100፣ በተረፈው ገንዘብ ጥሩ የገመድ አልባ ማይክና የኤልኢዲ መብራት። አዲስ ካሜራ ይዞ በካሜራው ማይክ ከሚቀዳ ሰው የተሻለ ሥራ ታወጣላችሁ። ደንበኞቻችሁ የተደበዘዘ ጀርባ እየጠየቁ ከሆነ ሁለተኛውን ካሜራ ኤፍኤክስ30 አድርጉት፤ የመጀመሪያውን ግን አታድርጉት።

ለቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ስርጭት፦ ኤተም ሚኒ ላይ ከሆናችሁ ሁለት ኤክስኤ60 ከአንድ ዜድ200 ይበልጣል፤ ዋጋቸውም ከዚያ አይበልጥም። ሁለት ማዕዘን ማየት ለምእመኑ ከምስል ጥራት ይቀድማል። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቋሚ ካሜራማን ከሌላችሁ፣ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በርቀት የሚዞሩትን ፒቲዜድ ካሜራዎች ተመልከቱ፤ አንድ ወጣት ከላፕቶፑ ፊት ሆኖ ሦስቱን ያንቀሳቅሳል፣ ዓውደ ምሕረቱ ላይም ስታንድ አይገተርም።

ለዜናና ለዩቲዩብ ጋዜጠኝነት፦ ዜድ90 ወይም ኤክስኤ70። ጣቢያው ኤስዲአይ ካልጠየቃችሁ ኤክስኤ70ን ውሰዱና ልዩነቱን ለካርድ አድርጉት። ለሜዳ በዓላትና ለስፖርት ኤክስ2000። ለተቋም፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮ፣ ካሜራውን ብዙ እጅ ስለሚነካውና ሥራው ከስብሰባ እስከ መስክ ጉብኝት ስለሚለያይ ኤንኤክስ800 ያዋጣል። በጨረታ ሰነዱ ላይ «4ኬ ካሜራ» ብሎ መጻፍ ግን አደገኛ ነው፤ የሴንሰሩን መጠን፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ፣ የኤክስኤልአሩን ብዛትና የመሰኪያውን አይነት ካልጻፋችሁ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው የቤት ካሜራ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

የባለሙያ ሶኒ ካሜራዎች በሜኑአቸው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሠሩ የሚያሳይ ቆጣሪ አላቸው፤ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። የስልክ መብራት በሌንሱ ውስጥ አብሩና በሰያፍ ተመልከቱ፦ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ማጽጃው ከቅናሹ ይበልጣል። ሌንሱን ሸፍናችሁ ጌይኑን (ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቀውን) ከፍ አድርጉ፤ ነጭ ወይም ቀይ ሆነው የሚቀሩ ነጠብጣቦች የሞቱ ፒክስሎች ናቸው። ዙሙን ከጫፍ ጫፍ በዝግታ ሳቡት፣ መሐል ላይ ይንተፋተፋል ወይ? ሁለቱንም ኤክስኤልአር በየተራ በማይክ ሞክሩ፣ ገመዱን እያንቀሳቀሳችሁም አዳምጡ። ሁለቱም ካርድ ማስገቢያ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቅዱና ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ መልሳችሁ ተመልከቱ። ሻጩ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።